ልጆች የለኩትን የት ይመዝግቡ? ኤክሴል፣ ጉግል ሺትስና ሊብሬኦፊስ ካልክ ሲነጻጸሩ

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ልኬትን መመዝገብና ማጣራት ለማስተማር ስፕሬድሺት (ቁጥር በሠንጠረዥ የሚመዘገብበትና የሚሰላበት ፕሮግራም) የሚመርጥ መምህር ወይም ወላጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው እንደሚቀል ወይም የትኛው ነፃ እንደሆነ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከእነሱ በፊት ግን ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም ልጁ ሲሳሳት ስህተቱን በገዛ ዓይኑ እንዲያየውና እስከ ምንጩ ተከታትሎ እንዲደርስበት የሚያግዘው የትኛው ነው የሚለው ነው። ፕሮግራሙ ስህተቱን ደብቆ ያማረ ግራፍ ካወጣ፣ ልጁ የተማረው ሠንጠረዥ ማሳመርን እንጂ መለካትን አይደለም።

በእጃችን የሚገኙት አማራጮች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። ኤክሴል በ1985 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር የወጣ ሲሆን ዛሬ ብዙ ሰው ስፕሬድሺትን ሁሉ በእሱ ስም ይጠራዋል። ጉግል ሺትስ በ2006 እ.ኤ.አ. የመጣና በኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ነው፤ ሊብሬኦፊስ ካልክ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ የወጣ፣ ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ለመደመር፣ አማካይ ለማውጣት፣ ግራፍ ለመሣል ሦስቱም ለልጆች ከበቂ በላይ ናቸው፤ በዚህ ረገድ ማወዳደሩ ጊዜ ማባከን ነው። ልዩነታቸው የሚታየው የተሳሳተ ቁጥር ሲገባባቸው ነው።

ደብተር ወይስ በቀጥታ ኮምፒውተር?

ፕሮግራም ከመምረጥ በፊት የሚመጣው ምርጫ ይህ ነው፤ የእኔም መልስ ሁልጊዜ ደብተር ነው። አንድ የ6ኛ ክፍል ቡድን በጣሳ የዘራውን የባቄላ ቡቃያ ቁመት በየቀኑ እየለካ ሲመዘግብ አብሬ ነበርኩ። በስድስተኛው ቀን 12.6፣ በሰባተኛው 13.4፣ በስምንተኛው 41.2፣ በዘጠነኛው 15.1 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ግራፉ ሲሣል ስምንተኛው ቀን ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ጫፍ ወጣ። መዝጋቢዋ ልጅ ደንግጣ ቁጥሩን ልታጠፋው ስትል፣ አጠገቧ የነበረው ጓደኛዋ «14 አካባቢ አድርጊው፣ ከጎኖቹ ጋር ይሄዳል» አላት። ደብተሯን እንድትገልጥ ነገርኳት፤ በእጇ ጽሑፍ 14.2 ተብሎ ተመዝግቧል። ስትተይብ አሃዞቹ ቦታ ተለዋውጠውባታል ማለት ነው። ሁለቱ ልጆች የደረሱበት ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ የእሷ ግን ከልኬት የመጣ ነው፣ የእሱ ከግምት። ደብተር ባይኖር ኖሮ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማሳየት የምችልበት መንገድ አልነበረኝም።

ስለዚህ ልኬቱ በተወሰደበት ቦታና ሰዓት በእስክሪብቶ ደብተር ላይ ይጻፍ። የተሳሳተው በላጲስ አይጠፋም፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ቁጥር የሚታረመው ደብተሩ ሌላ ነገር ሲናገር ብቻ ነው። ደብተሩም ላይ 41.2 ቢገኝ ቁጥሩ ባለበት ይቆይና «ማስታወሻ» በሚባል ዓምድ ላይ «አጠራጣሪ ነው፤ በድጋሚ አልተለካም» ተብሎ ይጻፍበታል። ልጅ ይህን አንድ ልማድ ከያዘ፣ የትኛውንም ፕሮግራም ቢጠቀም አያሳስበኝም።

የሠንጠረዡ አቀማመጥም ከፕሮግራሙ በላይ ዋጋ አለው። ልጆች ሲተዉ የሚሠሩት ሰፊውን ዓይነት ነው፤ ቀኖቹን ወደ ጎን፣ የተማሪዎቹን ስም ወደ ታች ይደረድራሉ። ለዓይን ያምራል፣ ግን ማስታወሻ፣ ሰዓት ወይም የለካው ሰው የሚጻፍበት ቦታ የለውም። አንድ ልኬት አንድ ረድፍ ቢሆን ይሻላል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የለካው ሰው፣ የተለካው ነገር፣ ቁጥሩ፣ መለኪያ አሃዱ፣ ማስታወሻ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ዓምድ።

የእኛ ቀን በእነሱ ሠንጠረዥ

ለአማርኛ አንባቢ ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልቆይበት። ሦስቱም ፕሮግራሞች በመደበኛ አሠራራቸው የተተየበላቸውን ቀን የሚያነቡት እንደ ጎርጎርዮሳዊ ቀን ነው። ቀን ከወር በሚቀድምበት ቅንብር አንድ ልጅ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማለት 30/2/2017 ብሎ ቢጽፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ሠንጠረዡ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። የካቲት 30ን 30/6/2017 ብሎ ሲጽፍ ግን ያለ አንዳች ቅሬታ ጁን 30 ብሎ ይቀበለዋል። በዚያው ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል ማለት ነው፤ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደርም ሁሉ ነገር ይዘበራረቃል። ብዙ ኮምፒውተሮች እንደሚመጡበት ወር በሚቀድምበት የአሜሪካ ቅንብር ደግሞ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. 3/13/2016 ተብሎ ሲጻፍ ማርች 13 ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይበልጥ ስውር የሆነው ስህተት ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ ሲታይ የሚፈጠረው ነው። መስከረም 30 እና ጥቅምት 1 ተከታታይ ቀናት ናቸው። 30/1/2017 እና 1/2/2017 ተብለው ከተጻፉ ግን ለማሽኑ በመካከላቸው ጃንዋሪ 31 አለ፤ ግራፉ ላይ ማንም ያልዘለለው ቀን የተዘለለ ይመስላል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተለካ ሙቀት 2:00 ተብሎ ሲገባ ማሽኑ የሚረዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሰዓት ነው፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት።

ችግሩ የልጆች ብቻ አይደለም። የሰው ዘረ መሎችን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው መመሪያ፣ ኤክሴል ወደ ቀን እየለወጣቸው ተመራማሪዎችን ያስቸገሩ ስሞችን እስከ መቀየር ደርሷል፤ «ማርች1» ይባል የነበረው «ማርችኤፍ1» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለልጆች መንገር ጠቃሚ ነው፤ ስህተቱ የስንፍና ሳይሆን የመሣሪያው ጠባይ መሆኑን ያውቃሉ።

መፍትሔው በሦስቱም ላይ አንድ ነው። ቀኑን በአንድ ሴል (የሠንጠረዡ አንድ ሣጥን) ውስጥ ከማጨናነቅ ይልቅ ዓመት፣ ወርና ቀን ሦስት የተለያዩ የቁጥር ዓምዶች ይሁኑ፤ ከጎናቸውም ልኬቱ ከተጀመረ ጀምሮ የሚቆጠር «ተራ ቀን» የሚባል ዓምድ ይኑር፤ ግራፉም የሚሣለው በእሱ ነው። ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30፣ ወሩ 13 ከሆነ ግን ቀኑ ከ6 እንዳይበልጥ ደንብ ማስገባት ይቻላል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው መቼ እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ፎርሙላ እንዲፈልጉላት ማድረግም ጥሩ የሒሳብ ሥራ ነው።

ዜሮ፣ ባዶና ጽሑፍ

ልጅ «14.2 ሴ.ሜ» ብሎ በአንድ ሴል ውስጥ ሲጽፍ ለእኛ ቁጥር ነው፣ ለሠንጠረዡ ግን ጽሑፍ ነው። አማካይ የሚያወጣው አቬሬጅ የተባለው ፎርሙላ ያንን ሴል ዝም ብሎ ይዘለዋል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። በአማርኛ ኪቦርድ ላይ እንዳለ ሲተይብ እንደ ኪቦርዱ ዓይነት በነጥብ ፋንታ አራት ነጥብ ቢገባበት፣ ወይም በግዕዝ አኃዝ ቢጽፈው ውጤቱ ያው ነው። በዓይን ለመለየት፣ ማንም አሰላለፉን ካልነካው በሦስቱም ላይ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ስለዚህ ዓምዱን ለውበት መሃል ላይ ማሰለፍ የመጀመሪያውን የማጣሪያ ምልክት ማጥፋት ነውና አይፈቀድ። ይበልጥ አስተማማኙ መንገድ ቁጥሮችን ብቻ የሚቆጥረውን ካውንትን እና ባዶ ያልሆነውን ሁሉ የሚቆጥረውን ካውንትኤን ከዓምዱ ሥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አንዱ 20 ሌላው 19 ካለ፣ አንድ ቦታ ቁጥር የመሰለ ጽሑፍ ተደብቋል።

ባዶ ሴልና ዜሮ አንድ አለመሆናቸውን ለማስረዳት ከዝናብ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በአንድ የክረምት ሳምንት የተለካው 4.0፣ 0፣ 6.5፣ 0፣ 2.5 እና 8.0 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንዱ ቀን ሳይለካ ቢያልፍ፣ ያልተለካው ባዶ ሲተው አማካዩ 3.5 ነው። ያልተለካው ቀን 0 ከተባለ አማካዩ ወደ 3.0 ይወርዳል። ዝናብ ያልዘነበባቸው ቀኖችም ባዶ ከተተዉ ደግሞ ወደ 5.25 ይወጣል። ዝናቡ ያው ነው፤ የተለየው መዝጋቢው ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ግሎብ የተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች የልኬት መርሐ ግብር ዝናብ ያልዘነበበትን ቀን በዜሮ፣ ለመለካት ያነሰውን ነጠብጣብ በአንድ ፊደል፣ ያልተለካውን በሌላ ፊደል እንዲመዘገብ የሚያዘው በዚህ የተነሣ ነው። በክፍላችንም ያልተለካውን «አልተለካም» ብሎ ማስታወሻው ላይ መጻፍና የቁጥሩን ሴል ባዶ መተው ይበቃል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ልጁ 14.0 ብሎ ሲጽፍ ሦስቱም 14 ብቻ ያሳያሉ። ያቺ ዜሮ ግን እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ መለካቱን የምትመሰክር ናት። የዓምዱን ፎርማት አንድ የአስርዮሽ ቤት እንዲያሳይ ማድረግ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ማጣራት፦ ልዩነቱ የሚወጣበት ቦታ

የሚገባውን ቁጥር ደንብ አውጥቶ መገደብ በኤክሴልና በጉግል ሺትስ ዳታ ቫሊዴሽን፣ በካልክ ቫሊዲቲ ይባላል። ለምሳሌ የቡቃያው ቁመት ከ0 እስከ 60 ይሁን ማለት ይቻላል። ኤክሴል አንድ ልጅ 142 ብሎ ቢያስገባ ካልቀየሩት በስተቀር ጨርሶ አልቀበልም ይላል። ይህ ጥብቅነት መልካም ቢመስልም ከልጆች ጋር ሲሠራ ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ማሽኑ እሺ እስኪል ድረስ ቁጥር እየቀያየሩ መሞከር ይጀምራሉ፣ በመጨረሻም የሚገባው የተለካው ሳይሆን የተፈቀደው ይሆናል። ስለዚህ በሦስቱም ላይ ከልካዩን ትቶ አስጠንቃቂውን ዓይነት መምረጥ ይገባል፤ ቁጥሩ ይግባ፣ ግን ምልክት ይደረግበት።

ከገባ በኋላ የሚታየው ምልክት ግን ይለያያል። ጉግል ሺትስ ከደንቡ በወጣው ሴል ጥግ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያደርግበታል፤ ማንም ሳያዝዘው ስለሚታይ ለልጆች ይህ ይመረጣል። ኤክሴልና ካልክ ከደንቡ የወጡትን ሴሎች በቀይ እንዲከቡ ማዘዝ ይቻላል፣ ነገር ግን መምህሩ ትእዛዙን ፈልጎ መጫን አለበት። ማሳሰቢያ ቢኖር፣ ደንቡ የሚሠራው በእጅ ሲተየብ ነው፤ ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ቁጥር ሳይጠየቅ ይገባል። ልጆች መለጠፍ ስለሚወዱ ይህን በመጀመሪያው ቀን መንገር ያስፈልጋል።

ከ0 እስከ 60 የሚለው ደንብ ከላይ ያየነውን 41.2 እንደማያስቆመው ልብ ይሏል። እሱን የሚይዘው ከትናንቱ ጋር የሚያወዳድር ዓምድ ነው። የዛሬው ሲቀነስ የትናንቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ወይም ከዜሮ ካነሰ ሴሉ ቀይ ቀለም እንዲቀባ ቢደረግ፣ በስምንተኛው ቀን 27.8፣ በዘጠነኛው ደግሞ ከዜሮ በታች 26.1 ተብለው ሁለት ሴሎች ተከታትለው ይቀላሉ፤ ጥፋተኛው ቁጥር በሁለቱ መካከል እንዳለ ልጅ ራሱ ይደርስበታል። ይህንን ሦስቱም በእኩል ይሠሩታል።

ማን መቼ ምን እንደቀየረ በማሳየት ግን ጉግል ሺትስ ይበልጣል። አንድ ሴል ላይ ተጭኖ የቀድሞ ቁጥሮቹን ታሪክ ማየት ይቻላል፤ በስድስት ልጆች በጋራ በሚሞላ ፋይል ላይ፣ እያንዳንዱ በየራሱ አካውንት ከገባ፣ ይህ ብዙ ክርክር ያስቀራል። ካልክ ለውጦችን መመዝገብ የሚያስችል ትእዛዝ አለው፣ ሥራው ሳይጀመር መከፈት ግን አለበት። ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተቀምጦ በሚሠራ የኤክሴል ፋይል ግን ታሪኩ ስለማይቀር፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ እየጻፉ ቅጂ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሦስቱም ፈጽሞ የማያዩት ስህተት አለ። ብዙ የልጆች ማስመሪያ ዜሮው የሚጀምረው ከጫፉ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ከጫፉ ጀምሮ የሚለካ ልጅ በየቀኑ እኩል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል፤ ግራፉ ለስላሳ ይሆናል፣ ምንም ሴል አይቀላም። ይህን የሚያጋልጠው በሌላ ማስመሪያ የሚለካ ሁለተኛ ልጅ ብቻ ነው። ለማነጻጸር የሁለቱን ልጆች ቁጥር በሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነታቸውን ማስላት፣ ልዩነቱም ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ መሆን አለመሆኑን ማየት፣ ለእኔ የዚህ ትምህርት ሁሉ ማዕከል ነው።

ዋጋ፣ ኢንተርኔትና ቋንቋ

ካልክ ነፃ ነው፤ አንዴ ከወረደ በፍላሽ ወደ ሁሉም ኮምፒውተር ይጫናል፣ ምናሌውም በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ሙሉው ኤክሴል ክፍያ አለው፤ በኢንተርኔት ላይ ያለው ግን በማይክሮሶፍት አካውንት በነፃ ይሠራል። ክራክ የተደረገ ኤክሴል ለልጆች ክፍል አይሁን፤ ከቫይረሱም በላይ፣ ሐቀኛ መዝገብ የምናስተምረው በተሰረቀ መሣሪያ መሆን የለበትም። ጉግል ሺትስ ነፃ ነው፣ በስልክም ይሠራል፣ ፋይሉ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይቀጥላል። ይሁን እንጂ በብዙ አገሮች ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ቁጥጥር አካውንት መክፈት አይችልም። ፋይሉ ወደ ሲኤስቪ (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ ወደሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ከተቀየረ፣ የአማርኛ ርዕሶች ኤክሴል ላይ ሲከፈቱ ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጡ ይችላሉ፤ ካልክ ፊደሉ የተቀመጠበትን የኮድ ዓይነት ስለሚጠይቅ፣ የአማርኛን ፊደል የሚያውቀውን ዩቲኤፍ-8 መምረጥ ይበቃል።

ታዲያ የትኛው?

ጥቂት ኮምፒውተሮች ላሉትና ኢንተርኔቱ ለማይታመን ትምህርት ቤት ካልክን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። በየሦስት ልጅ አንድ ኮምፒውተር ይበቃል፤ አንዱ ከደብተር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሁለተኛው ይተይባል፣ ሦስተኛው ስክሪኑን ያያል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሕጋዊ ኤክሴል ያለበትና መምህሩም የሚያውቀው ቦታ ወደ ሌላ መሸጋገር አያስፈልግም፤ አዲስ ፕሮግራም የሚለምድ መምህር የልጆቹን ቁጥር የሚያይበት ጊዜ ያጣል። ጉግል ሺትስ የሚያሸንፈው ልኬቱ ከተለያየ ቦታ ሲመጣ ነው፤ ለምሳሌ ልጆች በየቤታቸው ዝናብ ሲለኩና በጉግል ፎርም (በኢንተርኔት በሚሞላ ቅጽ) ሲልኩ። በዚያ ጊዜ የአንዱ ሰፈር ቁጥር ከጎረቤቱ ጋር እየተያየ ይጣራል።

በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦችንም ይበልጥ የሚጠቅማቸው ጉግል ሺትስ ነው። ዋሽንግተን ያለች ልጅና አዲስ አበባ ያለ የአጎቷ ልጅ በአንድ ፋይል ላይ የየቤታቸውን ሙቀት ቢመዘግቡ፣ መጀመሪያ የፋይሉን የአገር ቅንብር በአንድ ዓይነት ማድረግ አለባቸው፤ አለበለዚያ የእሷ ኮምፒውተር ወርን፣ የእሱ ቀንን እያስቀደመ ይጋጫሉ። የሰዓታቸው ልዩነት እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሆነ «ሰዓት» የሚለው ዓምድ የየት አገር መሆኑ ይጻፍ። መለኪያ አሃዱም የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ እሷ ከቴርሞሜትሯ ያነበበችው 72 ፋራናይት እንደተነበበ ይግባ እንጂ በቃል ተሰልቶ አይግባ። ከጎኑ ባለው ዓምድ ፎርሙላው 32 ቀንሶ፣ በ5 አባዝቶ፣ ለ9 ሲያካፍለው 22.2 ይወጣል፤ እሱም የራሱን 22 ከዚያ አጠገብ አይቶ፣ ቴርሞሜትሩ ጥላ ውስጥ እንደነበር ማስታወሻው ላይ ይጽፋል።